ከፕሎቭዲቭ ያመጣሁት መርዶ

ጥቅምት 2011 አጋማሽ ላይ ከአምቦ የተነሣሁት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ነው። የግብዣው ወረቀት «የአትክልት ዘር አያያዝ፣ ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ» ይላል። አምቦ ውስጥ የዕፅዋት ሳይንስ አስተምራለሁ። ዕድሉ ለክፍላችን ሲመጣ ሌሎቹ መምህራን ቡልጋሪያ የት እንዳለች ካርታ ላይ ሲፈልጉ እኔ እጄን አውጥቼ ነበር። እንዲህ ያስቸኮለኝ አባቴ ነው።

አባቴ ኦቦ ፈይሳ ጡረታ የወጣ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ የሚኖረው ጊንጪ ነው። በደርግ ጊዜ አምስት ዓመት ፕሎቭዲቭ ተምሯል። ልጆች ሳለን የቡልጋሪያን ፊደል በጠመኔ በር ላይ እየጻፈ አስቆጥሮናል፤ እናታችን በነበረችበት ጊዜ በሩን ስታጥብ ኖራለች። የዚያ ዘመን ወሬው ሁሉ የሚያልቀው ስቶያን በሚባል አንድ ሰው ላይ ነው። ስቶያን የመኝታ ክፍል ጓደኛው ነበር። ዕረፍት በመጣ ቁጥር መንደሩ ይወስደዋል፤ አባቴ በመጀመሪያው ክረምት ሳንባ ምች ሲይዘው በበረዶ ላይ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ብዙ ዓመት ደብዳቤ ሲጻጻፉ ኖረው፣ ከጊዜ በኋላ ከዚያ በኩል መልስ መምጣት ቀረ።

ባለፈው ክረምት አባቴ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። ሐኪሙ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለገመቹ «ድንገተኛ ድንጋጤ እንዳያገኘው ተጠንቀቁ» ብሎናል። ከዚያ ወዲህ እቤታችን በር እንኳ በኃይል አይዘጋም።

ጊንጪ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከአምቦ የወጣው ሚኒባስ ጊንጪ ሲደርስ ሾፌሩን አምስት ደቂቃ ለመንኩት። አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። ከኋላው ያለው የጤፍ ማሳ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ደርሷል፤ የሰው ሁሉ ወሬ የአጨዳ ነው፣ የእሱ ግን የፕሎቭዲቭ።

«ይኸው አድራሻው» አለኝ። የቡልጋሪያ ፊደል የጻፈበት እጁ አማርኛ ከሚጽፍበት ያምር ነበር። «ይሄ ደግሞ ሚጥሚጣ ነው። ስቶያን እንባው እየወረደ ይበላዋል።»

«አድራሻው የድሮ ነው እኮ አባ። ቤቱን ለቅቆ ቢሆንስ?»

«ያ ሰው ከዚያ ቤት አይወጣም። ካለ አቅፈሽ ሳሚልኝ። ከሌለም ቁርጡን ንገሪኝ። እኔን የሚበላኝ አለማወቁ ነው።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። አባቴ መስኮቱን እየደበደበ አንድ ነገር በቡልጋርኛ አለኝ፤ አልገባኝም፣ ግን እንደገባኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ፕሎቭዲቭ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

በኢስታንቡል በኩል ሶፊያ ገብቼ፣ በአሥራ አራት ሌቫ ትኬት ቆርጬ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝኩ። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። የታረሰው ማሳ ዳር የለውም፤ በሬ የለ፣ ሰው የለ። አንድ ትራክተር አየሁና ሰው ያየሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሠልጣኞቹ ከተለያየ አገር የተሰበሰብን ነን። የከተማውን ጽሑፍ ከመካከላችን የማነበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ በመጀመሪያው ቀን እንደ ሊቅ ታየሁ። የሱቅ ስም፣ የመንገድ ስም፣ የቅናሽ ማስታወቂያ ሳይቀር ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ ነው ጉዱ። የአባቴ ጠመኔ ያስተማረኝ ፊደሉን ነበር እንጂ ትርጉሙን አልነበረም። በሁለተኛው ቀን መጠየቁን ተዉት።

ቋንቋው ለጆሮ ቆፍጠን ያለ ነው። አንዱ ቃል ግን ወዲያው ገባኝ፦ «ሃይደ»። እንሂድ ሲሉ ሃይደ፣ ቻው ሲሉ ሃይደ፣ ልጅ ሲቆጡ ሃይደ፣ ስልክ ሲዘጉ ሃይደ፣ ሃይደ። እኛ «በል እንግዲህ» የምንልበት ቦታ ሁሉ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ከትምህርቱ ቦታ አጠገብ ካለች ትንሽ ሱቅ ባኒትሳ እገዛለሁ፤ አይብ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ነው። አብሮ የሚጠጣው ቦዛ የሚባል ከእህል የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ከቦርዴ ብዙም አይርቅም፣ ስኳሩ ግን ይበዛል። እርጎአቸው ከእኛ ቤት የተቀዳ ይመስላል። ሰዎቹ በመንገድ ላይ ፈገግ አይሉም፤ ሰላምታም አያባክኑም። ግን መንገድ የጠየቅኳት አንዲት አሮጊት አፏን ሳትከፍት ክንዴን ይዛ ሁለት መንገድ አሻግራ፣ በሩ ላይ አድርሳኝ ተመልሳለች።

አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። በየበሩ፣ በየዛፉ፣ በየአውቶቡስ መቆሚያው የሰው ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ምርጫ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ ሽማግሌና አሮጊት መሆናቸው ግን አስገረመኝ። አሠልጣኛችንን ስጠይቀው፦ «የሞት ማስታወቂያ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ በወረቀቶቹ አጠገብ ስሄድ እርምጃዬን እያፈጠንኩ ማለፍ ጀመርኩ።

ቅዳሜ፣ የስቶያን መንደር

የመንደሩ አውቶቡስ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከመውረጃው አጠገብ የድንጋይ ቦኖ አለ፤ የማዕድን ውኃ ከመሬት ሞቆ ይወጣል፣ ሁለት ሽማግሌዎች በየጀሪካናቸው ይቀዳሉ። የአምቦ ሰው ነኝና ቀመስኩት። ጋዝ የለውም።

መንገዱ ላይ ሃያ ያህል ቤት ቆጠርኩ። ጭስ የሚወጣው ከአራቱ ብቻ ነው። በቀሩት በሮች ላይ ሸረሪት አድርቷል፤ የወይን ሐረጉ ያለ ሰው ደርቆ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ጀርመንና ስፔን ሄደው አሮጊቶቹ ቃሪያ እየጠበሱ በጠርሙስ ያሽጋሉ። የቤቱን ቁጥር እየፈለግሁ ሄድኩ። አባቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በዚህ መንገድ ሄዷል እያልኩ አስብ ነበር።

የስቶያን በር አረንጓዴ የብረት በር ነው። በሩ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ታስሯል። ከሥሩ ወረቀት አለ፤ ፎቶው ላይ ቅንድቡ የገጠመ ሰው ይመለከተኛል። ይህን ቅንድብ በአባቴ አልበም ውስጥ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ስሙንም አነበብኩ።

ቦርሳዬን መሬት ላይ ጣልኩና አለቀስኩ። በጸጥታ አላለቀስኩም። ትኩስ ለቅሶ ቤት እንደ ደረሰ ሰው ደረቴን እየመታሁ፣ «ስቶያን! የአባቴ ወንድም! ምነው ሳልደርስብህ!» እያልኩ በአማርኛም በኦሮምኛም ጮኽኩ። ቤቱ ውስጥ ለቀስተኛ ተሰብስቦ የተቀመጠ መስሎኛል። አራት ጭስ ባለበት መንደር አራት በር ተከፈተ።

ከስቶያን ቤት የወጣችው ሽርጥ የታጠቀች፣ የተቆረጠ እንጨት በክንዷ የያዘች ሴት ናት። ራድካ ትባላለች፣ እህቱ ናት። ባለችኝ ጥቂት ቡልጋርኛና በስልኬ አስተርጓሚ ተነጋገርን።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«የፈይሳ ልጅ።»

እንጨቱ ከእጇ ወደቀ። «እናቴ ሹራብ የሠራችለት ፈይሳ?»

«መቼ ነው የሞተው? ቀብሩስ?» አልኳት እያነባሁ።

ራድካ አምስት ጣቷን ዘረጋች። አምስት ዓመት። ወረቀቱ ላይ ከፎቶው በላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ፊቱንና ስሙን ካየሁ ወዲያ ሌላ ፊደል አላየሁም። ለካ እዚያ አገር ወረቀቱ የሚለጠፈው በሞተበት ቀን ብቻ አይደለም። በአርባው፣ በስድስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታደሳል። አሠልጣኙ ይህን አልነገረኝም።

«ከሞተ አምስት ዓመት ለሆነው ሰው እንዲህ ይለቀሳል?» አለች ራድካ።

«እኛ ዘንድ የሚለቀሰው የተሰማ ቀን ነው። ለእኔ ዛሬ ሞተ።»

ከዚያ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና እሷም ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤቶቿ ከየበራቸው ወጥተው ቆሙ፣ አንዷ ውኃ አመጣችልኝ።

ያ ቅዳሜ የሙታን መታሰቢያ ቀናቸው ኖሯል። ራድካ ወደ መቃብሩ ይዛኝ ሄደች። መቃብሩ ላይ ቀይ ወይን አፈሰሰች፤ ከዚያም በላስቲክ ኩባያ የተቀቀለ ስንዴ ሰጠችኝ። ስኳርና ለውዝ ገብቶበታል እንጂ ንፍሮ ነው። ስትሰጠኝ «ቦግ ዳ ፕሮስቲ» አለች፤ ነፍስ ይማር ማለት ነው። ንፍሮዬን ይዤ ከአገሬ ያን ሁሉ ርቄ መቆሜን ረሳሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚጥሚጣውን ሰጠኋት። ራድካ እጇን ጠራረገችና ስልኬን አመለከተችኝ።

«አሁን ደውዪለት። እኔ በቡልጋርኛ እነግረዋለሁ። በጥሩ አነጋገር እነግረዋለሁ።»

«አይሆንም። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚነገረው?»

አስረዳኋት። ሰው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይጠራል፤ ማለዳ ቤቱ ይኬዳል፤ ሲሰማ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኝ ይኖራል። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ «እስከዚያ ድረስ ስለ ወንድሜ ሲጠይቅሽ ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ። ንፍሮውን በማንኪያ ማማሰል ያዝኩ።

ሁለት ሳምንት ከስልክ ጋር

ገመቹ አምቦ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሲናገር ውሳኔ የሚያነብ ይመስላል። ስነግረው ትንሽ አዘነና ወዲያው ወሰነ።

«ለአባባ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ልቡን ታውቂያለሽ። እስክትመጪ አላገኘሁትም በይ። ስትመጪ ለንስሐ አባቱና ለእድሩ ሰብሳቢ ለኦቦ ቱፋ ነግሬ፣ በወጉ እናረዳዋለን።»

አባቴ በየማታው ይደውላል። «ሄድሽ?» «አውቶቡስ የለም አባ።» «በእኛ ጊዜ በየሰዓቱ ነበር።» በማግሥቱ፦ «ሄድሽ?» «ዝናብ ነው።» «በዚህ ወር እዚያ ጭጋግ ነው የሚሆነው፤ ዝናቡ ከየት መጣ?» ፕሎቭዲቭን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው መዋሸት እንዴት እንደሚያደክም አልነግራችሁም። ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ከትምህርት በኋላ ከተማዋ ውስጥ ያሉትን ኮረብታዎች ስወጣ ስወርድ፣ የተጠበሰ ለውዝ መሰል ፍሬ እየገዛሁ ሳልበላ በኪሴ ሳቀዘቅዝ አመሻለሁ። ስለ ዘር አያያዝ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ደብተሬ ያውቀው እንደሆነ እንጂ እኔ አላውቅም።

ልነሣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ሌሊሴ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ?»

«የለም አባ። ስመጣ ሁሉንም አጫውትሃለሁ።»

«እሺ» አለ። የወትሮውን «ሃይደ» ሳይል ዘጋው። ገመቹ በበኩሉ «ከእንግዲህ ስልክሽን አጥፊው፤ ድምፅሽ ያስታውቅብሻል» ብሎ አዘዘኝ። አጠፋሁት። ታዘዝኩት አልልም፤ ተገላገልኩ ማለቱ ይሻላል።

መልስ

አዲስ አበባ የደረስኩት ጠዋት ነው። ከአውሮፕላኑ ወርጄ ቀጥታ ወደ አምቦ ሚኒባስ። ሆለታ ላይ ዳቦ ተገዛ፣ አዲስ ዓለም ላይ ሰው ወረደ ሰው ተሳፈረ። ጊንጪ ስንቃረብ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ወንበሩ ላይ ዝቅ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አሞሻል እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ። «እንቅልፍ ነው እማማ» አልኩ።

አባቴ መንገድ ዳር ነበር። ሌላ ጊዜ የወዳጁ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ያን ቀን ቆሟል። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መኪና ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። የእኛንም አየ። በሁለት ክንድ ርቀት አለፍኩት። «ወራጅ አለ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም። እስከ አምቦ ድረስ በነጠላዬ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሴትዮዋም ምንም ሳይጠይቁኝ ጉልበቴን ሲዳብሱኝ ደረሱ።

ጊንጪ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ከአምቦ በመኪና ተነሣን። ቄሱና ኦቦ ቱፋ ጊንጪ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው አገኘናቸው። መኪናውን ከአባቴ ቤት ትንሽ ራቅ አድርገን አቆምን።

«አንቺ እዚሁ ቆዪ» አለኝ ገመቹ። «ካየሽ ከፊትሽ ያነበዋል። መጀመሪያ እኛ እናረጋጋው፤ ከዚያ እጠራሻለሁ።»

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ቀረሁ። ሦስቱ ሄደው በሩን አንኳኩ። ወዲያው ተከፈተ፤ አባቴ እንቅልፍ እንዳልተኛ አሁን ነው የሚገባኝ። «አከም ቡልተን፣ ኦቦ ፈይሳ?» አሉ ኦቦ ቱፋ፤ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው። አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። ቄሱን፣ የእድሩን ሰብሳቢ፣ ወንድ ልጁን። በዚያ ሰዓት እነዚያ ሦስት ሰዎች አብረው ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ማን እንደሞተም አልጠየቀም። እሱ እንደሚያውቀው ሴት ልጁ ገና በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ናት፤ ስልኳ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው።

«ኢንተላ ኮ!» ብሎ ጮኸ። «ልጄን! ልጄን! ሌሊሴን!»

ገመቹ «አይደለም አባ፣ እሷ አይደለችም!» ይላል፤ እሱም እያለቀሰ ነበርና ማንም አልሰማውም። አባቴ መቃኑን ይዞ ወደ መሬት ሲወርድ አየሁ። ከመኪናው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«አባ! አባ፣ አለሁ! ይኸው አለሁ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ጉንጬን፣ ጆሮዬን፣ ጸጉሬን ዳሰሰ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ያን ያህል ቀን የሸሸሁት ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ስቶያን ነው አባ። ስቶያን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው።»

«ስቶያን ብቻ ነው?» አለ አባቴ። ሳቀ። ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! ስቶያን ብቻ ነው!» እያለ ወደ ቄሱ፣ ወደ ኦቦ ቱፋ እያየ ሳቀ። ኦቦ ቱፋ ለቅሶ ሊጀምሩ የከፈቱት አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ ጸጉሬ ላይ የነበረው እጁ ቆመ። የተናገረውን ሰማው መሰለኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መድኃኒቱን አምጥተን በግድ አዋጥነው። ልቡ ችሎለታል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። የእድሩ ሰዎች ወንበር ይዘው መጡ። «ማን ነው ያረፈው?» ሲባል «የኦቦ ፈይሳ ወንድም ነው» ይባላል። «ስሙስ?» «ስቶያን።» ስሙን በአፋቸው ይሞክሩትና «ነፍስ ይማር» ብለው ንፍሯቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ የሞተበትን አገር እንዲነግራቸው አባቴን ጠየቁት፤ በረዶው ላይ ስለታዘለበት ቀን ሲያጫውታቸው ገበሬዎቹ ከልባቸው አዘኑ። በሁለተኛው ቀን ወደ ራድካ ደወልኩለት። በቡልጋርኛ ረጅም ሰዓት አወሩ። ከወሬያቸው የያዝኩት የስቶያንን ስም ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ አምቦ ስመለስ አባቴ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። መኪና እስኪመጣ ቆምን። ቡልጋሪያ ስሄድ ለማየት ያሰብኩት የእነሱን ኑሮ ነበር፤ ያየሁት ግን የእኛን ሆነ። ለአባቴ ልብ ተጠነቀቅን ስንል፣ እኔ በበኩሌ የተጠነቀቅኩት ለራሴ ነው። እያየኝ ሲያዝን ላለማየት ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰቃየሁት። ይህን ልነግረው ፈልጌ «አባ፣ ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነው» አልኩት።

እሱ መንገዱን እያየ መለሰልኝ።

«ቁርጡን ንገሪኝ ብዬሽ ነበር። ብትነግሪኝ አለቅስለት ነበር። እናንተ በስቶያን ሞት ተመስገን አስባላችሁኝ።»